ወለጋ ለጎብኚ የጎደላት ምንድን ነው? የአንድ ቀን ጉዞ እንደ ኢኮኖሚ ጥያቄ

ቱሪዝም ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከማዕድንና ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጋር ከአምስቱ የኢኮኖሚ ምሰሶዎች አንዱ ተብሎ ከተሰየመ ወዲህ፣ በርካታ የአገሪቱ አካባቢዎች ተራቸውን መጠበቅ ጀምረዋል። «ገበታ ለሀገር» የተባለው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን አነሣ። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተሻግሮ ወደ ክልል ከተሞች ገባ። የወንጪ መንደር ከአምቦ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ በሚወስደው አቅጣጫ ያሉት ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎም «የእኛስ መቼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ወለጋ ፏፏቴ፣ ጥቅጥቅ ደን፣ ጥንታዊ ቤተ መንግሥትና ጣፋጭ ቡና አላት፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ይሠራላት፣ ሎጅ ይገንባላት ይባላል። ይህ አስተያየት ዋናውን አሠራር ይዘላል። ጎብኚ የሚንቀሳቀሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ በሰላም ቤቱ ወይም ማረፊያው እንደሚደርስ ሲያምን ነው። የወለጋ ቱሪዝም ዕጣም በዚህ እምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህ ጽሑፍ እምነቱ ለምን እንደጠፋ፣ ማን ሊመልሰው እንደሚችልና ከየት መጀመር እንደሚበጅ ይመረምራል።

ያለው ሀብት በርቀት ሲለካ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል የሚደረገው ጉዞ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነቀምቴ እንደ ቢሾፍቱ ደርሶ በዚያው ቀን ሊመለስ አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት አዳር ያስፈልገዋል። መስህቦቹንም በዝና ቅደም ተከተል ከመዘርዘር ይልቅ ከነቀምቴ ባላቸው ርቀት በሦስት ክበብ ከፍሎ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ክበብ ከተማዋና ዙሪያዋ ነው። የወለጋ ኦሮሞን ባህል የሚያሳየው ሙዚየም እዚህ ይገኛል። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም እዚሁ ነው። የኩምሳ አባት ሞረዳ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለማቆየት ችለው ነበር፤ ግቢው ያንን የመገበርና የመደራደር ዘመን የሚያስረዳ ሕያው ሰነድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፉትና የተቀበሩት በነቀምቴ ነው። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ታትሟል፤ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ታሪክም ያለ እነዚህ ሁለት ሰዎች አይነገርም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን በሌሊት አቃጥለዋል። በጥቃቱ ከሞቱት መካከል የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ይገኙበታል። ይህ ሁሉ ከኮምቶ ደን ጋር ተደምሮ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል።

ሁለተኛው ክበብ በመኪና ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት ነው። ወደ ጊምቢና ወደ በደሌ የሚወስዱት መንገዶች የሚያቋርጡት የዴዴሳ ሸለቆ ሞቃት ቆላ ሲሆን፣ በወንዙ ጉማሬና አዞ አሉ። በምሥራቅ በኩል ባኮ ላይ የአገሪቱን የበቆሎ ዝርያዎች ያፈራው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ለተማሪዎች የመስክ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጊምቢ የቡናው አገር መግቢያ ናት።

ሦስተኛው ክበብ አዳር የሚጠይቅ ነው። በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫአ ሐይቅና ፏፏቴ፣ በቄለም ወለጋ የቱሉ ወለል ተራራና የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ፣ በምዕራብ ወለጋ የቦጂና የአይራ የሚሲዮን ታሪክ ይካተቱበታል። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቀናት ይዞ ነው የሚነሣው።

ከዚህ አከፋፈል የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክበብ ቀዳሚ ደንበኛ የወለጋ ነዋሪ ራሱ ነው። የውጭ አገር ጎብኚና የአዲስ አበባ ቤተሰብ በብዛት የሚመጡት ሦስተኛው ክበብ ሲከፈት ነው። የሚታቀደው ሁሉ ግን ለሦስተኛው ክበብ ነው።

መንገደኛው የቀረባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያውና ከባዱ ምክንያት ጸጥታ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው፣ መንግሥት «ሸኔ» በሚለው ታጣቂ ቡድን መካከል የቀጠለው ግጭት ወለጋን ከሁሉም በላይ ጎድቷል። በ2012 ዓ.ም. የአካባቢው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በመንገድ ላይ ለማስለቀቂያ ገንዘብ የሚፈጸም እገታ ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም አሸማቅቋል። እነዚህን ሐዘኖች ሳይጠቅሱ ስለ ወለጋ ሽርሽር መጻፍ ለሟቾቹም ለነዋሪውም ክብር መንፈግ ነው።

ግጭቱ ጉዞን የሚገድልበት መንገድ ቀጥተኛ ጥቃት ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ኬላ ሲበዛ የአንድ ሰዓት ጉዞ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከመሸ በኋላ መንቀሳቀስ ሲያሰጋ የቀኑ ርዝመት ያጥራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመለስ የነበረ ቤተሰብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመመለስ ሲገደድ ዴዴሳ ደርሶ ምሳ የመብላት ዕቅዱን ይሰርዛል። የኮንትራት ሚኒባስ ባለቤት ስጋቱን በዋጋው ላይ ይጨምራል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ስልክ ይቋረጣል ተብሎ የሚፈራበት አካባቢ ለልጆቻቸው የሚሳሱ ወላጆችን አያስወጣም። ሁለተኛው ክበብ በዚህ ዓይነት ወደ መጀመሪያው ይጠብባል።

ሁለተኛው ምክንያት የዕረፍት ጊዜያችንና የአየር ጠባዩ አለመግጠም ነው። ትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት የሚሰጡት በክረምት ነው። ወለጋ ደግሞ ከአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ የገጠር መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዙ ይሞላል። ለጉዞ የሚመቸው ወቅት ከመስቀል እስከ ጥምቀትና ከዚያም በኋላ ያለው የበጋ ጊዜ ነው። ቡና የሚለቀመውና ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ የሚገባውም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ የወለጋ ሽርሽር ሊንጠለጠል የሚችለው በቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላትና በቡና ገንዘብ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የብር ዋጋ መውረድና የነዳጅ ዋጋ መጨመር የአገር ውስጥ ተጓዡን አቅም ፈትኗል። በአብዛኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚታየው ሆቴሎች በስብሰባና በሥልጠና አበል መኖር ለምደዋል፤ ሒሳቡን መሥሪያ ቤት በሚከፍልበት ዋጋ ቤተሰብ ይዞ ማደር ደግሞ ለመምህሩም ለነጋዴውም ከባድ ነው። በሌላ በኩል ዶላር ይዞ የሚመጣው ዳያስፖራ በዚሁ ለውጥ የመግዛት አቅሙ ጨምሯል። ከወለጋ ወጥተው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በመኖራቸው ይህ ቀላል ዕድል አይደለም፤ ሆኖም እነሱም የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ መንገዱ ነው።

ተዋናዮቹ

የፌዴራል ቱሪዝም ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሟል፤ በክልሉ የኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽን አለ። ከሥራቸው ያለው መዋቅር ግን የተከፋፈለ ነው። ወለጋ ዛሬ በአራት ዞኖች ትተዳደራለች፦ ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ። አንድ ጎብኚ ከነቀምቴ ሙዚየም ተነሥቶ ፊንጫአን፣ ከዚያም ጊምቢን ቢጎበኝ በሦስት ዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሥር ያልፋል። እያንዳንዱ ዞን የራሱን መስህብ ያስተዋውቃል፤ በመካከል ያለው መንገድ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ማረፊያና አስጎብኚ ግን የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል።

ከመንግሥት ውጭ ያሉት ተዋናዮች ከሚታሰበው በላይ ጠንካሮች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ተማሪዎችንና ለምርቃት የሚመጡ ወላጆችን ወደ ነቀምቴ ያመጣል። በወለጋ ሥር የሰደደችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሕዝብ የሚሰባሰብባቸው ኮንፈረንሶችና የመዘምራን ጉዞዎች ያዘጋጃሉ። የጊምቢና የአይራ ሆስፒታሎች ሕሙማንና አስታማሚ ቤተሰቦችን ከሩቅ ይቀበላሉ። የቡና ነጋዴው በመከር ወቅት ይመላለሳል። ሠርግ፣ ለቅሶና የበዓል ጥየቃ ራሳቸውን የቻሉ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ራሱን «ቱሪስት» ብሎ የሚጠራ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ይጓዛሉ፣ ይበላሉ፣ ያድራሉ፣ ትርፍ ሰዓትም አላቸው። የልጁን ምርቃት አይቶ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሌለው አባት የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ቢጎበኝ የሚያስፈልገው ክፍት በር፣ የሚያስረዳ ሰውና አንድ የባጃጅ ጉዞ ብቻ ነው።

የሌላው ተሞክሮ

የቀን ጉዞ ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚወለድ ለመረዳት የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ታሪክ ይጠቅማል። ባሕሩ ሁልጊዜም ነበረ። ሠራተኛው ሕዝብ ወደ ብራይተንና ወደ ብላክፑል በብዛት መጉረፍ የጀመረው ግን በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ከደረሰ በኋላ ነው። በ1871 እ.ኤ.አ. የወጣው የባንኮች በዓል ሕግ የዕረፍት ቀን ሰጠው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድን አስፋፋ። ርካሽ መጓጓዣ፣ የታወቀ የዕረፍት ቀንና በዚያው ቀን የመመለስ እርግጠኝነት ሲገናኙ ከተሞቹ በሙዚየም፣ በመዝናኛ፣ በምግብ ቤትና በፔንሲዮን ተሞሉ። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ርካሽ በረራ ዕረፍት ፈላጊውን ወደ ስፔን ሲወስደው፣ በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ ብቻ ቆመው የነበሩት ከተሞች ተጎዱ።

የእኛው ቢሾፍቱም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ሐይቆቿ ጥንትም ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ መቅረቧ፣ ከዚያም በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የእሑድ መዋያ አድርጓታል። ወለጋ የፍጥነት መንገድም ባቡርም የላትም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ተሞክሮዎች የምትወስደው አሠራሩን ነው። መጀመሪያ የሚደራጀው አጭሩ ጉዞ ነው፤ ረጅሙ የሚከተለው አጭሩ ሲለመድ ነው።

ሊከተሉ የሚችሉ ሦስት መንገዶች

አንደኛው የአሁኑ ሁኔታ መቀጠል ነው። መንግሥትና ታጣቂው ቡድን በሚያዝያ 2015 እና በኅዳር 2016 በታንዛኒያ ያደረጓቸው ሁለት ዙር ንግግሮች ያለ ስምምነት ተጠናቀዋል። በኅዳር 2017 የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከአንድ የቡድኑ ክንፍ ጋር የሰላም ስምምነት ቢፈራረምም ጠቅላላ እልባት አላመጣም። ይህ ከቀጠለ የሚቻለው የመጀመሪያው ክበብ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የጦርነት ዓመታት ቅርስ የሚፈርስባቸው፣ ሰነድ የሚጠፋባቸው፣ አዋቂ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ የሚያልፉባቸው ዓመታት ስለሆኑ፣ ሙዚየሙን ማደስና የቦነያን ታሪክ መሰነድ ሰላም እስኪመጣ የሚቆዩ ሥራዎች አይደሉም።

ሁለተኛው ከፊል መረጋጋት ነው፤ ዋና ዋና መንገዶች በቀን ክፍት ይሆናሉ፣ ገጠሩ ግን ስጋት አይለቀውም። ከሦስቱ ለመሆን የሚቀርበው ይህ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ነቀምቴ–ዴዴሳ–ጊምቢና ነቀምቴ–ባኮ የቀን ጉዞ መስመሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ክፉ ቀን የወራት ሥራ ያፈርሳል። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ በባንክ ብድር ትልልቅ ሎጅ መገንባት አደገኛ ውርርድ ነው፤ ትንንሽና ተንቀሳቃሽ አገልግሎቶች ግን ችግር ሲመጣ ተሰብስበው ሲያልፍ ይመለሳሉ።

ሦስተኛው ሁሉን ያካተተ ሰላም ነው። ያኔ ወንጪ፣ አምቦ፣ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ በአንድ መስመር ይታሰራሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ በአሶሳ በኩል ሊያይ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ነቀምቴንና ጊምቢን አልፎ ስለሚሄድ፣ የወለጋ ከተሞች የማደሪያና የምሳ ጣቢያ ይሆናሉ። በንግዱ ዓለም በነቀምቴ ስም የሚታወቀውን ቡና ከዛፉ ሥር የሚቀምስ የውጭ አገር ገዥና ጎብኚም ይመጣል። ይህ ትልቁ ተስፋ ነው፤ በበጀት ብቻ ግን አይገዛም፤ ቁልፉ በፖለቲካ ድርድር እጅ ነው።

መመዘን ያለባቸው ምርጫዎች

ሰላም ቢመጣም ማን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ አለ። ወለጋ ይህን ቀደም ብላ አይታለች። በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የፊንጫአ ግድብ ለአገሪቱ መብራት ሰጠ፤ የጮመንን ረግረግና የግጦሽ መሬት ያጣው ግን የአካባቢው ገበሬ ነበር። ሐይቁን ዛሬ የመዝናኛ ቦታ ማድረግ ከተፈለገ ጀልባው፣ የዓሣ ምግብ ቤቱና የማረፊያ ኪራዩ የእነዚያ ገበሬዎች ልጆች ድርሻ መሆን አለበት። ያለዚያ ሁለተኛ ኪሳራ ይሆንባቸዋል።

ሁለተኛው ምርጫ በከተማ ማስዋብና በቅርስ መካከል ነው። የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድና መብራት ያመጣል፤ ይህም ቤተሰብ አመሻሽ ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ መልካም ነገር ነው። በአንጻሩ የድሮ ቤቶችንና ሰፈሮችን ያለ ምዝገባ ካፈረሰ ከተማዋን ከሌሎች የሚለያትን ነገር ያጠፋል። ነቀምቴ አስፋልትና ዘንባባ ከማንኛዋም ከተማ ጋር ልትጋራ ትችላለች፤ የሌቃ ነቀምቴን ታሪክ ግን የያዘችው እሷ ብቻ ናት።

ሦስተኛው በደንና በገቢ መካከል ነው። ኮምቶና ዳቲ ወለል ጎብኚ የሚስቡት ደን ሆነው እስከቆዩ ድረስ ነው። የመግቢያ ክፍያው ወደ ወረዳው ካዝና ብቻ ከሄደ፣ ማገዶ የሚለቅመው ጎረቤት ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ማጠቃለያ

ሚዛኑን ስንደምረው፣ ወለጋን ከቱሪዝም ያራቃት የመስህብ እጥረት አይደለም፤ የማስታወቂያ እጥረትም ሁለተኛ ደረጃ ነው። ዋናው እንቅፋት የመንገዱ ዋስትና መጥፋት ነው፤ እሱን የሚመልሰው ደግሞ እውነተኛ ድርድር እንጂ ፕሮጀክት አይደለም። ይሁን እንጂ ድርድሩ እስኪሰምር እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አያስፈልግም። የነቀምቴ ከተማ አስተዳደር ሙዚየሙና ቤተ መንግሥቱ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጥ። ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎቹን አስጎብኚ አድርጎ ያሠልጥን። አራቱ ዞኖች አንድ የጋራ የጉዞ መስመርና አንድ የመንገድ መረጃ ስልክ ይኑራቸው። ሆቴሎች ለቤተሰብ የሚሆን ዋጋ ያውጡ፤ በመስቀል ሰሞን የአካባቢውን የሥራ ሥር ምግብ አንጮቴን፣ በመከር ወቅት በቅቤ የተቀላውን ቡና ለእንግዳ ያቅርቡ።

በዚህ ዓይነት የሚጀምር ቱሪዝም በአንድ ዓመት ሚሊዮኖችን አያስገባም። የሚያስገኘው የወለጋ ልጅ የገዛ አገሩን ታሪክ አውቆ እንዲያድግና፣ ሰላም ሲመጣ እንግዳ ለመቀበል የተዘጋጀ ከተማ እንዲኖር ማድረግ ነው። ለሎጅ መሠረት ከመጣሉ በፊት ለዚህ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው።